የኢቨር ቅድመ አያት

ኢቨር ስለ ቅድመ አያቱ የማያወራበት ሰዓት ቢኖር ሲተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሚስቱ ትጠየቅ። ሰውዬው ዩትላንድ የሚባል የፈረንጅ አገር ገበሬ ነው፤ መሬቱም ከብቱም ሞልቶለታል። የጎደለው የሚኮራበት ዘር ነበር። ሁለት ክረምት እየተመላለሰ የሰበካውን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ አገላበጠና ቅድመ አያቱን ዬንስ ፔደርሰንን አገኘ፦ «ዬንስ፣ የቄስ ፔደር ልጅ፣ ተጠመቀ።» መዝገቡን ዘግቶ በደስታ ሰክሮ ተመለሰ። አንድ ገጽ ቢጨምር ምን ነበረበት!

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው። ሴት ልጁ ማረን ቪላዝ የሚባል ጎረምሳ ትወዳለች፤ ቪላዝ ጨዋና ታታሪ አናጺ ነው። ግን የሞተ ፈረስ ቆዳ ገፋፊ ዘር ነው፤ ዱሮ እነዚያ ሰዎች ከጠጡበት ዋንጫ የሚጠጣ አልነበረም።

«የገፋፊ ዘር ከቄስ ዘር ጋር? እኔ በቁሜ እያለሁ?» ይላል ኢቨር። «አይደረግም!»

ስልሳ ዓመት የሞላው ዕለት ባንዲራ ሰቀለ፣ አሳማ አስጠበሰ፣ ሠላሳ ዘመድ ሰበሰበ። የሰበካውንም ቄስ መዝገቡን ይዘው መጥተው በሰው ፊት እንዲያነቡለት ለመናቸው። ማንም አላስገደደው፤ ገመዱን ራሱ ነው ያቀበለው።

ቄሱ አነበቡ። ኢቨር ደረቱን ነፋ። ቄሱ ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ገጹን ገለጡ።

«ዬንስ፣ የቄስ ፔደር ልጅ፣ በአራት ዓመቱ ሞተ።»

«ምን አሉኝ?» አለ ኢቨር።

«ሞቷል። ልጅ አልወለደም።»

«በአራት ዓመቱማ እንዴት ብሎ!» አሉ አክስቱ ኪርስቲኔ።

«ያኔ እዚህ ሰበካ ሁለት ፔደር፣ ሁለት ዬንስ ፔደርሰን ነበሩ፤ ሰው በአባቱ ስም ይጠራ ነበራ» አሉ ቄሱ፣ ላብ በላብ ሆነው። «የጋብቻው መዝገብ ይኸው፤ የእርስዎ ዬንስ የገፋፊው የፔደር ልጅ ነው። መሬት ያላት መበለት አግብቶ ነው ሰው የሆነው። ወንድሙ አንደርስ ደግሞ... የቪላዝ ቅድመ አያት አባት ነው።»

የኢቨር ፊት ቀልቶ ቀልቶ ነጣ። ከዚያ በድንገት ጠረጴዛውን ደበደበ።

«እንግዲያው ዘመዳሞች ናቸዋ! ሰርግ የለም!»

ያሸነፈ መስሎት ዙሪያውን አየ። ወይ ጉድ! የገፋፊ ዘር መሆኑን ሠላሳ ሰው ከገዛ አፉ ሰማ።

«እሰይ፣ ዘመድ አገኘህ» አሉ አክስቱ።

«እንዲህ ያለውን ሩቅ ዝምድና ሕጉ አይከለክልም» አሉ ቄሱ።

ማረን ተነሳች። ሁለት ዓመት አልቅሳበታለች።

«አባዬ፣ ምረጥ። ዘመዳችን ካልሆነ አገባዋለሁ። ዘመዳችን ከሆነ ደግሞ ልደትህ ላይ ምነው አልተጠራ? ሄጄ ላምጣው።» መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ታዲያ ለልደቱ የተገጠመው ዘፈን ታትሞ በየሳህኑ ሥር ተቀምጧል፦ ዘጠኝ አንጓ፣ ሁሉም ስለ ቄስ ደም። በዚያ አገር የታተመ ዘፈን ሳይዘፈን አይቀርም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ሳቁን ዋጥ እያደረገ ዘፈነ። ኢቨርም ዘፈነ፤ ምን ያድርግ?

ሰባተኛው አንጓ ላይ ማረን ቪላዝን ክንዱን ይዛ ገባች። አናጺው ቆቡን አወለቀ፣ በቀጥታ ወደ ኢቨር ሄዶ እጁን ዘረጋ።

«እንኳን ለስልሳ ዓመትዎ አደረሰዎት፣ አጎቴ» አለው።