አራተኛው እግር

ሀይረዲን አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ሻዩን ቆሞ ይጠጣል፤ ምሳውን በወርክሾፑና በመንገዱ መካከል እየተመላለሰ ይበላል። ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቱ ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣል፤ ከሳሪስ እስከ አቃቂ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «ወንድሜ፣ በረደህ እንዴ?» ሳይለው አይወርድም። እናቱ በሕይወት ሳሉ «ይህንን ልጅ ጉንዳን ላይ ተቀምጬ ነው የወለድኩት» ይሉ ነበር።

የሚሠራው በጋሽ ታጁ የበርና መስኮት ወርክሾፕ ነው፤ በያጅ ነው። ኮዬ ፈጬም ሆነ ገላን አዲስ ቤት የገባ ሰው ከመጋረጃ በፊት የሚያሠራው የብረት በር ነውና ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። ቀን የሰው በር ይበይዳል። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ፣ ሌሎቹ እጃቸውን ታጥበው ሲወጡ፣ እሱ ወደ ወርክሾፑ ጥግ፣ ወደ ራሱ ብረት ይሄዳል።

ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ የመኪና ሻንሲ እየሠራ ነበር፤ ሞተሩንም ሰውንም የሚሸከመውን የብረት አጥንት። ነገሩ የጀመረው ስልኩ ላይ ባያቸው መኪኖች ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያሉ፣ ኮፈን የሌላቸው፣ ሞተራቸውን ለፀሐይ አስጥተው የሚበሩ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አጣ። ሁለቱን ረጃጅም ብረቶች ያገኘው ከወላለቀ ተሳቢ ላይ ነው፤ ለባለቤቱ የግቢ በር በይዶለት በዋጋው ፈንታ ብረቱን ወሰደ። አግዳሚዎቹ ከበር የተረፉ ወፋፍራም ቁርጥራጮች ናቸው። የፊትና የኋላ እግሮቹ፣ ጎማቸውን እንደያዙ፣ ጎሚስታ ቤት ጓሮ ዝናብ ሲመታው ከኖረ ቮልስ የመጡ ናቸው።

«ስሙ ማን ነበር ያልከኝ?» ይለዋል የሥራ ባልደረባው ሉቃስ፣ ያውቀዋል እኮ፣ ለመተረብ ነው።

«ሆት ሮድ።»

«ሆድ ሮድ! ልክ ነው፤ ከሆድህ ቆርጠህ የምትሠራው ስለሆነ ነው።»

ችግሩ ሻንሲው አልጋ መምሰሉ ነበር። ሁለት ረጃጅም ብረት፣ መሐሉ አግዳሚ፣ አራት ጥግ፤ ወለል ላይ ተጋድሞ ላየው ሰው ከአልጋ በቀር ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ቀን በር ሊያሠሩ የመጡ ሰው «ይኼስ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሉቃስ ፈገግ እንኳ ሳይል «የሀይሩ የሠርግ አልጋ ነዋ» አላቸው። ወሬው መንገዱን ተሻግሮ እትዬ ሐጀራ ሱቅ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም።

እትዬ ሐጀራ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ የናዕማ እናት። ናዕማና ሀይረዲን ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። ሀይረዲን ግን ሽማግሌ መላክን ባሰበ ቁጥር እግሩ ይነሳበታል፤ የሆነ ቦታ መሄድ ያምረዋል። እትዬ ሐጀራ የአልጋውን ወሬ ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ልጅ ሊቀመጥ ነው» አሉ። የኋላውን ክፍል አስጠረጉ። ስፖንጅ ፍራሽ ገዝተው ከነላስቲኩ ግድግዳ አስደገፉት። «አልጋው ሲያልቅ እኛ ግቢ ይግባ» ብለውም ላኩበት።

«ንገራት» አለችው ናዕማ።

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሲያልቅ።»

«አንተ ጀምረህ የጨረስከው ነገር አለ እንዴ? መቼም አልነግራትም አትለኝም?»

 ቃሏ እንደ ብየዳ ፍንጣሪ የሀይረዲንን ልብስ ዘልቆ ገባ። በእርግጥም ጀምሮ የተዋቸው ብዙ ነበሩ፤ የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱ፣ የዶሮ እርባታው፣ ጅቡቲ መስመር ላይ የጀመረው ረዳትነት። ይህኛው ግን የተለየ ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህም ከተበላሸ በኋላ ራሱን ማመን የሚችል አይመስለውም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ታጁ ወርክሾፑ መሐል ቆመው ወለሉን በዓይናቸው ለኩ።

«ሀይሩ፣ ከገላን ትልቅ የበር ሥራ መጥቷል። ቦታው ያስፈልገኛል።»

«እሺ ጋሽ ታጁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ ካልከኝ ሦስት ወር ሆነ። ቅዳሜ ዐስር ሰግጄ ስመለስ በራሱ እግር ቆሞ ከወጣ ይውጣ። ካልወጣ አሻግሬ ይጭነዋል።»

አሻግሬ ቆራሌው ነው። ጋሪውን እየገፋ የሰፈሩን ቁርጥራጭ ብረት የሚለቅም፣ ሻንሲውን ባየ ቁጥር እንደ ሥጋ አማርጦ የሚነካካ ሰው።

ሀይረዲን ያን ዕለት የቀሩትን ብየዳዎች ሲጨርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ከሉቃስ ጋር ሆነው ሻንሲውን ከወለሉ አንስተው በአራት ብሎኬት ላይ አስቀመጡት። ብሎኬቶቹን ቀድሞ አስተካክሏቸው ነበር፣ ላስቲክ ቱቦ ውስጥ ውኃ ሞልቶ፣ እንደ ግንበኞች። ሦስቱ ጥጎች ቁጭ አሉ። አራተኛው አየር ላይ ቀረ። ከሥሩ ሁለት ጣት ያስገባል።

ሉቃስ ያንን ጥግ ተጫነው። ወዲያኛው ተነሳ። ወዲያኛውን ተጫነው፤ ይኼኛው ተነሳ።

«ወይ አልጋ!» አለ ሉቃስ። «ሙሽሪት ስትገላበጥ ሙሽራው መሬት ነው።»

ሀይረዲን አልሳቀም። ሲባጎ አውጥቶ ከጥግ እስከ ጥግ ወጠረ፣ ቀጥሎ በሌላኛው ጥግ በኩል። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ፀጉር አይለያቸውም። በር የሚሠራ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ይኼ ነው፦ ሁለቱ ሲባጎ እኩል ከሆነ ሥራው ልክ ነው።

«ሲባጎው እኮ እኩል ነው፣ ጋሽ ታጁ!»

ጋሽ ታጁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ሲባጎው አልዋሸህም። አንተ ግን የጠየቅኸው የበር ጥያቄ ነው። በር ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቢጎብጥም ማጠፊያው ይችለዋል። ይኼ ግን መሬት ላይ የሚቆም ነገር ነው። አበያየድህም የበር ነው፤ አንዱን ጥግ እስከ መጨረሻው አንድደህ ወደ ሌላው ሮጥክ። እሳቱ ጠምዝዞታል።»

«ከየት ነው የጠመዘዘው?»

«እሱን ብረቱን ጠይቀው» ብለው ወጡ።

ብረቱ አልነግርም አለው። አንዱን ብሎኬት ዝቅ ቢያደርግ ሌላው ጥግ ይነሳል፤ ያንን ቢያስተካክል የመጀመሪያው ይናጋል። ሲዞር፣ ሲያጎነብስ፣ ሲነሳ፣ እንደገና ሲዞር ወገቡ ተቆረጠ። ሉቃስ ሲሰለቸው «ሽብልቅ ክተትበትና ገላግለን፤ ማን ያየዋል?» አለው።

«መኪና ነው! አልጋ አይደለም፣ መኪና ነው!» ብሎ ጮኸበት።

ናዕማ ለካ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ይህንኑ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እናቴ ሱቅ ድረስ መጥተህ ጩኸው።»

ዓርብ ጠዋት መብራት ጠፋ።

ለሌላው ሰው ዕረፍት ነበር። ሉቃስ ካርቶን አንጥፎ ተኛ። ሀይረዲን ግን ማብሪያውን ጫን፣ መለስ ያደርጋል፤ መንገድ ላይ ወጥቶ የጎረቤት ሱቅ አምፖል ያያል፤ ተመልሶ ይገባል። ሻንሲውን ይነቀንቃል፤ ሻንሲው ቋ ይላል። ከጁምዓ ሰላት ሲመለስም መብራት አልመጣም። አሻግሬ ጋሪውን ደጁ ላይ አቁሞ ጥላው ሥር ተቀምጧል።

«ምን ትሠራለህ?»

«ምንም። ነገ እንዳይሻሙኝ ነው።»

ሀይረዲን ከዚያ በላይ መቆም አልቻለም። እግሩ መንገዱን አሻግሮ እትዬ ሐጀራ ግቢ አደረሰው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነው። እትዬ ሐጀራ መብራት ስለሌለ ግቢው ውስጥ እንጨት አንድደው ትልቅ ድስት ጥደዋል። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ዝናብ የሸረሸረው፣ ድንጋይ ያገጠጠበት። ድስቱ ግን ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ና ግባ ልጄ። አልጋው እንዴት ሆነ?»

«እትዬ ሐጀራ፣ ስለ አልጋው...» አለና ዓይኑ ድስቱ ላይ ቀረ። «ይኼ ድስት በዚህ ጠማማ መሬት ላይ እንዴት አይንገዳገድም?»

«ምን ያንገዳግደዋል? ጉልቻው ሦስት ነው።»

«አራት ቢሆንስ?»

«አራት ጉልቻ አይተህ ታውቃለህ? አራት ከሆነ አንዱ ሁልጊዜ ባዳ ነው። ሦስት ግን መሬቱ እንዳሻው ቢሆን ይስማማል።» ጭሱን በእጃቸው ገፋ አድርገው አዩት። «ስለ ጉልቻ ካነሳህ አይቀር፣ ሦስት ጉልቻ የምትጎልቱት መቼ ነው?»

ሀይረዲን ግን ጥያቄውን አልሰማም። «ሦስት!» አለ። ዞሮ ሮጠ። እትዬ ሐጀራ ማማሰያቸውን እንደያዙ «ያ ረቢ፣ ይህን ልጅ ምን ነካው?» ሲሉ ድምፃቸው ከኋላው ቀረ።

ወርክሾፕ እንደደረሰ ሉቃስን ቀሰቀሰው። ሁለቱን የኋላ ጥጎችና አንዱን የፊት ጥግ በሦስት ብሎኬት ላይ አስቀመጡ። አራተኛውን ብሎኬት ከሥሩ አራቀው። አሁን የሚናጋ ነገር የለም። ሦስቱ ተስማምተው ቆመዋል፤ ባዳው አራተኛው ብቻውን ተንጠልጥሏል። ሀይረዲን ከዚያ ጥግ ተነስቶ በጣቱ ብረቱን እየዳሰሰ ሄደ፤ የፊተኛው አግዳሚ ጋ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ የበየደው እሱን ነበር። በደስታ፣ በችኮላ፣ አንዴ እንኳ ሳያርፍ።

መብራት ስለሌለ ግራይንደር የለም። የእጅ መጋዝ አንስቶ ያንን ብየዳ ይገዘግዝ ጀመር። ላቡ ብረቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሲደክመው ሉቃስ ይቀበለዋል፣ ተፈራርቀው እንደገና። መጋዙ ሊዘልቅ ጥቂት ሲቀረው ብረቱ በራሱ ጊዜ ጧ! ብሎ ተላቀቀ። ሁለቱም ወደ ኋላ ዘለሉ። አራተኛውን ብሎኬት ወደ ቦታው ሲመልሱት ጥጉ መጥቶ እላዩ ላይ ዐረፈ፣ ለረጅም ጊዜ ትንፋሹን ይዞ እንደቆየ ሰው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መብራት መጣ። ሀይረዲን ፒንሳውን፣ ኤሌክትሮድ የሚይዘውን እጀታ፣ አንስቶ ጭምብሉን ጣለና ተቆርጦ የነበረውን አግዳሚ መበየድ ጀመረ። ትንሽ በየደ፣ ቀጠለ፣ ጨመረ። ጊዜው ሄደ፤ አሻግሬ ደጁ ላይ ያፏጫል።

«ጥጉ እየተነሳ ነው!» የናዕማ ድምፅ ነበር። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች አራተኛው ብሎኬት አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። «ወረቀት ይገባል አሁን። ቅድም አይገባም ነበር።»

ሀይረዲን ጭምብሉን አነሳ።  «እስከ ዐስር ካልጨረስኩ...»

«ከቸኮልክ አትጨርስም።» ፒንሳውን ከእጁ ተቀበለችው። «ብረቱ ሲቀዘቅዝ እሰጥሃለሁ። እጄን አስቀምጬ ሲያስችለኝ።»

«ናዕማ!»

«ተቀመጥ።»

ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ወዲያው ጀመረ። ናዕማ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ትልቁን መዶሻ አንስታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ሉቃስ «ይኼ ነው መድኃኒቱ! ለሠርጉም ይዛችሁት ሂዱ» አለ።

እንዲህ ሆነ። በዚህ ጥግ አንድ ጣት ያህል ይበይዳል፤ ይቀመጣል፤ መዶሻው ይጫነዋል። ብረቱ ሲበርድ በወዲያኛው ጥግ አንድ ጣት ያህል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። እያንዳንዱ መቀመጥ ከመጋዙ ይልቅ አድክሞታል። የተነሳው ጥግ ግን ቀስ በቀስ ተመልሶ ተኛ።

ጋሽ ታጁ ከመስጊድ ሲመለሱ ሉቃስ የእግሮቹን የመጨረሻ ቡሎን እያጠበቀ ነበር። ሻንሲው በአራቱም ጎማ ቆሟል። ጋሽ ታጁ አንዱን ጥግ በእግራቸው ተጫኑት፤ ከዚያ ሌላውን።  አራተኛው ጋ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ተጫኑት።

«በሉ አውጡት» አሉ።

ሦስት ሆነው እየገፉ መንገዱን ተሻገሩ። ሚኒባሱ ሁሉ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። አሻግሬ ጋሪውን ይዞ ከኋላ ተከተለ፤ ነገሩ ገና አልተቆረጠም ብሎ ነው። እትዬ ሐጀራ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ይጠብቁ ነበር። አዩት። ጎንበስ ብለውም አዩት።

«ይኼ አልጋ ጎማ አለው» አሉ።

«አልጋ አይደለም፣ እትዬ ሐጀራ።» አለ ሀይረዲን። «መኪና ነው። ገና ሲሰሙ መጥቼ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ፈራሁ።»

«መኪና? ሞተሩስ?»

«ገና ነው።»

«ወንበሩስ?»

«እሱም ገና ነው።»

«ይሄዳል?»

«ሲገፉት ይሄዳል።»

አሻግሬ ከኋላ አንገቱን አሰገገ። «እናቴ፣ ካልፈለጉት እኔ ጋሪ ላይ ቦታ አለኝ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

እትዬ ሐጀራ ሁለት እጃቸውን ጥጉ ላይ አድርገው በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። ጥቂት ቆዩበት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። ሀይረዲን የግቢውን በር አየ፣ ናዕማን አየ፣ መሬቱን አየ። ሲመለሱ ፍራሹን ከነላስቲኩ እየጎተቱ ነበር። ናዕማ ሮጣ ያዘችላቸው፤ ሻንሲው ላይ ጋደም አደረጉት። ልክ መጣ።

«አስገቡት» አሉ። «በራሱ እስኪሄድ ድረስ አልጋ ነው።» ከዚያ ወደ ሀይረዲን ዞሩ። «አንተ ደግሞ እላዩ ላይ ቁጭ በል። ሽማግሌዎቹስ? እነሱም ገና ናቸው?»

ተቀመጠ። ላስቲኩ ከሥሩ ተንኮሻኮሸ። መዶሻው ወርክሾፕ ቀርቷል።

«የፊታችን እሑድ ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ» አለ።

ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻንሲው ግን ንቅንቅ አላለም።