እትዬ ወርቅያንሹ ያልሸጡት ሎተሪ

በእኛ ሰፈር ሎተሪ የገዛ ልጅ፣ ትኬቱ እጁ እንደገባ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት ለልጅ ሎተሪ ሸጠ ተብሎ የተቀጣ ባለሱቅ የለም። ተቆጣጣሪው መጥቶ ገዢውን ያያል፤ ገዢው ጢም አለው። ተቆጣጣሪው አመስግኖ ይሄዳል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕጣ ሊወጣ ሲቃረብ እናቶች ዩኒፎርም ሊያስረዝሙ ይመጣሉ። አንዷ ሱሪውን ስትሰጠኝ፣ «እሑድ እኮ ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነበርኩ» አለችኝ። በሁለቱም እግሮች ላይ ጨርቅ ቀጠልኩበት።

ከሰፈሩ ሦስት ባለሱቆች ለልጅ የማይሸጡት እትዬ ወርቅያንሹ ብቻ ናቸው። ሱቃቸው ከእኔ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉን አያለሁ። ሐሙስ ዕለት የስድስተኛ ክፍሏ ምንታምር መጣች።

«አንድ ሎተሪ ይስጡኝ።»

«ለማን?»

«ለራሴ። ዕጣው አያስፈልገኝም። አሥራ ስምንት ከሞላኝ ፓስፖርት አወጣለሁ። ቤይሩት ሄጄ እማዬን አመጣታለሁ። ስልክ ካነሳች ሁለት ወር አለፋት።»

እትዬ ወርቅያንሹ ትኬቶቹን ከመስኮቱ ላይ አነሱ።

«አልሸጥልሽም፣ ልጄ። ስድስት ዓመትሽን ማን ይመልስልሻል?»

«አቶ በድሉ ይሸጡልኛል።»

«አውቃለሁ።»

ሦስተኛው ሱቅ ያን ዕለት ዝግ ነበር። እትዬ ወርቅያንሹ ሱቃቸውን ቆልፈው ቀደሟት። ቀጥሎ ካለው የአቶ በድሉ ሱቅ መስኮት ጋ ደርሰው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«እትዬ፣ ገበያዬን ዘጉብኝ እኮ!» አሉ አቶ በድሉ ከውስጥ።

«ለትልልቆቹ እለቃለሁ።»

ለትልልቆቹ ለቀቁ። እኔም አንድ ትኬት ገዛሁ። ምንታምር እስከ አሥር ሰዓት ጠብቃ፣ መንገዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ያኔ እትዬ ወርቅያንሹ ካሉበት ሳይነቃነቁ ተናገሯት።

«ነገ እናትሽን የላካት ኤጀንሲ ጋ አብረን እንሄዳለን። የምጠይቀው እኔ ነኝ። እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።»

ሄዱ። ቢሮው ዝግ ነበር። ሰኞ ተመልሰው ሄዱ፤ ረቡዕም ሄዱ። በሦስተኛው ጊዜ እትዬ ወርቅያንሹ ወንበር ስበው ተቀመጡና የእናትየው አድራሻ በወረቀት ተጽፎ ካልተሰጣቸው እንደማይነሱ ተናገሩ። ተጽፎ ተሰጣቸው፤ የእኔን ስልክ ቁጥር ጨምረው መልእክት ላኩበት። በአሥራ አንደኛው ቀን እናትየው ደወለች። ምንታምር ስልኩን ያነሳችው እኔ ቤት፣ የስፌት መኪናው አጠገብ ቆማ ነው። «እማዬ» ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እኔም መርፌ የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ። እንደ እትዬ ወርቅያንሹ ያለች ሴት አላየሁም።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እትዬ ወርቅያንሹ ጥላ የላቸውም። ጥላቸው እጁን አጣምሮ አቶ በድሉ መስኮት ላይ ቀርቷል። አቶ በድሉ ሁለት ጊዜ ኖራ ቀቡት፤ አልጠፋም። እትዬ ወርቅያንሹ ሲነገራቸው፣ «ይቁም፤ እኔ ሥራ አለብኝ» አሉ።

ትናንት ጠዋት ሰማዩ ደመናማ ነበር። ጥላው ከመስኮቱ ወርዶ ሦስተኛው ሱቅ በር ላይ ቆሟል። አንዲት ትንሽ ልጅ ብር ይዛ መጣች። ጥላው ጎንበስ ብሎ ዕድሜዋን ጠየቃት። ልጅቷ ብሩን በጥርሷ ያዘችና አሥሩንም ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችው።