ማተብ የታሰረበት ድስት

በሰባ ስድስት ክረምት፣ ከሰቆጣ በታች ባለው አገራችን በዝቋላ ዝናብ አልጣለም። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ከብቶቹ በኅዳር አለቁ። ፍየሎቹ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ እነሱም ወደቁ። ሰው ቤቱን እየዘጋ ወጣ። ጥር ላይ ልጄን ይመኙሻልን ደረቷን ያዛት፤ ስትተነፍስ ጎኗ ይሰረጎዳል። ሚስቴን ደብሬን ከሚጠባው ልጅ ጋር ትቼ፣ ልጅቷን አዝዬ ሰቆጣ ገባሁ።

ጤና ጣቢያው መርፌ እንጂ ማደሪያ አልነበረውም። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር "ጠዋትና ማታ አምጣት" አለኝ። የት አድሬ እንደማመጣት አልነገረኝም። አጥሩ ሥር ያደሩትን ልጆች ብርድ እየጨረሳቸው ነበር። ከእነሱ መካከል አንዲት እናት "ሀሊማ ቤት ሂድ" አለችኝ።

ሀሊማ የነጋዴው የሸምሱ ሚስት ናት። የሚሸጥ እህል ስለጠፋ መጋዘናቸው ባዶ ነበር። ልጅ ለሚያሳክም የሩቅ ሰው ከፈተችው።

"የኔዋ በሰው አገር፣ ሐኪም ቤት ደጅ ላይ፣ በብርድ ነው የሞተችብኝ" አለችኝ።

በእኛ አገር ክርስቲያን የእስላም፣ እስላም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። በዚህ እሷ ከእኔ በላይ ትጠነቀቅ ነበር። ለልጅቷ መረቅ ያስፈልጋታል ብላ፣ የቀረቻትን አንድ ፍየል ጎረቤቷን ገብረ አምላክን ጠርታ በእኛ ወግ አሳረደች። ከቤቷ ሰው ማንም አልቀመሰም። ድስቱ ከነሱ ዕቃ እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ እንደ ማተብ ጥቁር ክር አሰረችበት።

"ድስትሽ ክርስትና ተነሳ" አላት ሸምሱ።

"አንተ ብቻ እጅህን ሰብስብ።"

በዚያ ሰሞን የመንግሥት ታጣቂዎች እንግዳ ሰው እየያዙ ለሰፈራ ይጭኑ ነበር። አባት ከነልጁ ይጫናል። ልጄ ያለ መርፌ መኪና ላይ ውላ እንደማታድር አውቃለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የግቢው በር ተመታ። ልጅቷን ታቅፌ ከባዶ ጆንያዎቹ ክምር ኋላ ገባሁ። በክፍተቱ ግቢው ይታየኛል። ሁለት ታጣቂዎች ገቡ። እሳት ሊጭሩ የመጡ ጎረቤቶቿ፣ እነ ዓሚኔ፣ ምድጃው አጠገብ ቆመዋል።

"እንግዳ አለ?" አለ ረጅሙ።

"ከረኃብ በቀር የለም" አለች ሀሊማ።

ሰውየው ድስቱ ላይ አጎነበሰ። "እስላም ቤት ማተብ ያሰረ ድስት? ይኼ ለማን ነው?"

"ጆሮው ተሰንጥቆ ነው ያሰርኩት። የኔ ነው።"

"ያንቺ ከሆነ ብይ።"

ይመኙሻልን ሳል መጣባት። ደረቷ ሲነሳ ተሰማኝ። አፏን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ ትንፋሿ አጭር ነውና ፈርቼ መለስኩት። ዓይኔን አየችኝ። ሳሏን ዋጠችው።

ሀሊማ ሴቶቹን አየች። ፍየሏን ማን እንዳረዳት ሁሉም ያውቃሉ። አንዳቸውም አልተነፈሱም። እጇን ሰደደች፤ አንድ ቁራጭ አወጣች፤ አላምጣ ዋጠች። ደገመች።

"በል እንሂድ፣ የሴትዮዋን ምሳ አናቀዝቅዝባት" አለ ሁለተኛው እየሳቀ። ሄዱ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ሳለች። ሴቶቹ እሳታቸውን ይዘው ወጡ። ዓሚኔ በሀሊማ አጠገብ ስታልፍ ቀሚሷን ሰበሰበች።

ልጄ ድና ወደ ዝቋላ ተመለስን። የበላሁት ውለታ ግን አብሮኝ ኖረ።

ከዓመታት በኋላ የሰቆጣው ጤና ጣቢያ በመንግሥትና በታጋዮች ጦርነት ተዘጋ። የታጋዮቹ ሐኪሞች በእኛ ሸለቆ፣ ዋሻ ውስጥ ያክሙ ነበር። አንድ ምሽት ሀሊማ ከልጇ ከዓሊ ጋር ደጄ ላይ ቆመች። አርጅታለች። ዓሊ የታመመ ልጁን ሰላሕን አዝሏል።

"ማደሪያ አለህ ወይ አስማረ?"

"አለ፣ እትዬ። ይግቡ።"

ሐኪሞቹ ልጁን ዋሻው ውስጥ አስተኙት። ትኩሳቱ አልወረደም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ፍየል አወጣሁ፤ ዓሊ በእነሱ ወግ አረደና ወደ ልጁ ተመለሰ። የመንግሥት አውሮፕላን ጢስ አይቶ እንዳይደበድበን ፀሐይ ሳትወጣ በአዲስ ድስት አበሰልን። ይመኙሻል በሩ ላይ ሆና ሰማዩን ትጠብቃለች። ሀሊማ ሳሕኗን ይዛ ጥግ ሄደችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ምነው እትዬ?"

"ለምጄው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶቹ ከኔ ጋር ገበታ አይቀርቡም። በሰርግም በኢድም ሳሕኔ ለብቻው ነው። ሸምሱ ነበር አብሮኝ የሚበላ፤ እሱም ሞተ።"

እጄን ታጠብኩ። ሄጄ ሳሕኗ ፊት ተቀመጥኩ።

"አስማረ! ማተብህስ?" አለች ደብሬ።

"አንገቴ ላይ አለ።"

"ተው አንተ" አለች ሀሊማ፤ "ቄሱ ምን ይሉሃል?"

"የሚሉኝን እሰማለሁ።"

ቆርሼ ሥጋውን ጠቀለልኩ። በላሁ። ደገምኩ። ከሩቅ አውሮፕላን ይሰማ ጀመር፤ ማናችንም አልተነሳንም። ሀሊማ ጠቀለለችና እጇን ወደ አፌ ዘረጋች።

ጎረስኩ።