መግሪብ የሌለበት ተራራ

ባሌ ጀማለዲን ግትር ነው። ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ስንት ዓመቱ፣ ያለውን ሳያደርግ የቀረበት ቀን የለም። ልጃችን ናዲራ ይህንኑ ወርሳ፣ የበረዶ ጥናት ብላ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ሰው የማይደርስበት ተራራ ጫፍ ላይ ወጣች። ያውም በረመዷን።

መንገደኛ ነሽ፣ አለመጾም ተፈቅዶልሻል፣ በኋላ ትከፍዪዋለሽ ብላት ማን ሰምቶኝ። እዚያ ደግሞ በዚህ ወር ፀሐይ አትገባም፤ ሰማዩን ስትዞር ውላ ስትዞር ታድራለች። ታዲያ ኢፍጣሩ፣ የጾሙ መፍቻ፣ መቼ ሊሆን ነው? አባትና ልጅ ተማክረው በለንደን መግሪብ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ስትገባ፣ ይሁን አሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ጀማለዲን በሳተላይት ስልኳ ይደውላል፣ "አፍጥሪ" ይላታል፣ ቴምሩን ስታኝክ ይሰማና እሱም ይጎርሳል። ሾርባው እየቀዘቀዘብኝ፣ አዛን የምትጠራ ሙአዚን መሆን ሲገባህ ሹፌር ሆነህ ቀረህ እለው ነበር። ይስቃል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ማክሰኞ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም። ኔትወርክ ይሆናል አልኩት። ቴምሩን ሳህኑ ላይ መለሰው።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዋ ደወለች። ጫፉ ላይ የበረዶ ማዕበል ደርሶባቸው ልጄን ብርዱ ገድሏታል። አብራት የነበረችው ልጅ እንደምንም ወርዳ ነው የነገረቻቸው። ደመናው እስኪገለጥ ሄሊኮፕተር ማረፍ ስለማይችል ናዲራ እዚያው ላይ ናት። ወይኔ ልጄ፣ ብቻዋን፣ በዚያ ብርድ።

ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ። መግሪብ ሲደርስ ጀማለዲን ስልኩን አንስቶ እንደገና ደወለ። ያ ሁሉ ሰው አቀርቅሮ ጥሪውን ሰማ። ከዚያ አልጎርስም አለ። ስኳር አለበት፤ ከማክሰኞ ሌሊቱ ምግብ፣ ከሱሁር ወዲህ ውሃ እንኳ አልቀመሰም፣ ላብ አጥምቆታል። ኢማሙ መከሩት፣ ወንድሙ አኑዋር እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው።

"ልጄ ጾመኛ ናት" አለ። "አፍጥሪ አላልኳትም።"

ተናደድኩ። የልጄን ሬሳ ሳላገኝ ባሌን ልቀብር ነው እንዴ? ሰዉን አልፌ ፊቱ ተንበረከክሁና ስልኩን ከእጁ ቀማሁት።

"ጀማለዲን፣ ናዲራ አፍጥራለች። ጌታዋ ዘንድ አፍጥራለች።"

ያኔ ገና አለቀሰ። ቴምሩን አንስቼ ወደ አፉ አስጠጋሁት። አፉን ሊከፍት ብሎ ተወውና አየኝ።

"ሰዓቱን ማን ነገራት?"

ቴምሩን አጎረስኩትና እስኪያኝክ ጠበቅሁ።