የዘጠነኛው ገንዳ በሽታ

ጃይሎሲ ቺሳሌ ዓሣ ማየት ካቆመ ስምንት ወር አልፎታል፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

ሥራው ደግሞ ዓሣ ማየት ነው። ሴንጋ ቤይ ላይ፣ ጠላቂዎች ከማላዊ ሐይቅ የሚያወጧቸው ባለቀለም ዓሣዎች በላስቲክ ታሽገው ወደ አውሮፓ ከመጫናቸው በፊት የሚያርፉበት ጣቢያ አለ። ሃያ ሁለት የመስታወት ገንዳ በሣር ክዳን ሥር ተደርድሯል። ጃይሎሲ እዚያ ሃያ ሰባት ዓመት ዓሣ አክሟል። ጠላቂዎቹ "ሐኪም" ይሉታል፤ ግማሹ ለማክበር፣ ግማሹ ለማላገጥ።

ሞራው መጀመሪያ ግራ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ቀኙን ጋረደው። ብርሃንና ጨለማ ይለያል፤ ሰው ፊቱ ሲቆም ጥላውን ያውቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ዓሣ የማያይ የዓሣ ሐኪም ቦታው ቤቱ ነው፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያለፈ ያገደመውን በድምፅ መለየት ነው። ጃይሎሲ ከዚያ ሞቱን ይመርጣል። ሊሎንግዌ ሄዶ ሞራው ቢገፈፍለት ይድን ይሆናል፤ ለመገፈፍ ግን መጀመሪያ "አላይም" ማለት ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን እሱ ራሱ ለጠላቂዎቹ ሲመክር ነው የኖረው።

ገንዳዎቹን በእርምጃ ያውቃቸዋል። እጁን ውሃው ውስጥ ሲከት ጤነኛ ዓሣ ጣቱን ይለቅማል፤ የታመመ ይሸሻል። ጆሮውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ሰውነቱን የሚያሳክከው ዓሣ ድንጋይ ላይ ሲታከክ ይሰማዋል። ውሃውንም ያሸታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ይቆጣል። "ይህ መስታወት ዛሬም አልተወለወለም!" ብሎ ከጀመረ፣ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ለምን እንደተጠጋ የሚጠይቀው የለም።

ከአራት ወር በፊት የጣቢያው ባለቤት ማዳም ካሉዋ ፋኔሲ የምትባል ሴት ቀጠረች። ፋኔሲ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ገበያ ላይ ደረቅ ዓሣ ስትሸጥ ኖራለች፤ በሕይወት ስላለ ዓሣ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። ጃይሎሲን እንድታግዝ ተባለ። በአገሩ ቋንቋ "ባምቦ"፣ አባባ፣ እያለች ከጎኑ አትለይም፣ አፏም አያርፍም።

"ስምንተኛው ውስጥ አንዷ ጥግ ይዛለች ባምቦ። ከባሏ የተጣላች ነው የምትመስለው።"

"አይቻታለሁ" ይላል ጃይሎሲ።

"አሥራ አንደኛው ውስጥ የአንዱ ጅራት ተበልቷል።"

"አይቻለሁ።"

ይህችን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ይላታል። ለፍላፊነቷን እያማረረ በልፍለፋዋ ይኖር ነበር። ዋይሶን የሚባለው ጠላቂ ባገኛቸው ቁጥር አያልፋቸውም።

"ባምቦ ሐኪም፣ ዛሬም ከነርስዎ ጋር? እኔም ትከሻዬን አሞኛል፤ ትየኝ እስቲ።"

"አንተን የሚያምህ ስንፍና ነው" ይለዋል ጃይሎሲ። "ለሱ የሚሆን ገንዳ የለኝም።"

ሐምሌ ሲገባ ምዌራ የሚሉት ቀዝቃዛ የደቡብ ነፋስ ሐይቁን አራት ቀን አናወጠው። ዘጠነኛው ገንዳ ውስጥ ጀርመኖች ያዘዟቸው ሰማንያ ሰማያዊ ዓሣዎች ነበሩ፤ ጠላቂዎቹ ሦስት ሳምንት የደከሙባቸው። ዓርብ ይጫናሉ። ሰኞ ጠዋት ጃይሎሲ ጆሮውን ለጠፈና መታከካቸውን ሰማ፤ አንድ ሁለቱ አይደሉም፣ ሁሉም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ማዳም ካሉዋ ከሊሎንግዌ ነበረች።

"ዘጠነኛዎቹ እንዴት አደሩ ባምቦ?"

በምዌራ ወራት ዓሣ ከታከከ ብዙውን ጊዜ የጨው በሽታ ነው፤ ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፣ ነጥቦቹ ይቆጠራሉ። ሙቀትና ጨው ያድነዋል።

"የጨው በሽታ ይዟቸዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አላት። "እስከ ዓርብ ይድናሉ።"

በዓይንዎ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ራሱ ነው የጨመረበት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፋኔሲ መጣች። ባትሪዋን አብርታ ገንዳው ላይ አጎነበሰች።

"ባምቦ፣ እነዚህ ላይ ዱቄት ተነስንሶባቸዋል።"

"ጨው ማለትሽ ነው።"

"ጨውማ ሊጠፋኝ ነው፣ ዕድሜ ልኬን ዓሣ ጨው ስቀባ ኖሬ? ይሄ ዱቄት ነው። ምጋይዋ እንኳ አይደለም፤ ነጩ፣ ለሠርግ ንሲማ ገንፎ የሚነፋው። ደግሞ ከጎን ሳበራበት ቢጫ ቢጫ ይላል።"

ምጋይዋ ከነገለባው የሚፈጨው ሻካራው የበቆሎ ዱቄት ነው፤ ነጩ ጣት ላይ የማይታወቅ ደቃቅ ነው። ሁለቱን የምታምታታ ሴት ሐይቁ ዳር አልተወለደችም። ደቃቅ፣ ቢጫ ያለበት፣ በጎን ብርሃን ብቻ የሚታይ ከሆነ የዱቄት በሽታ ነው፤ ጃይሎሲ በዕድሜው ሰባት ጊዜ አጋጥሞታል። ጨው አይመልሰውም። እንደ ቅጠል በብርሃን ስለሚያድግ፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ማጨለምና ሰማያዊውን የመዳብ ዱቄት በልክ መስጠት ነው መድኃኒቱ። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃው ነበር። ግን ከዚያ ማዳም ዘንድ ደውሎ ተሳስቻለሁ ሊል ነው፤ እሷም፣ ታዲያ በዓይንዎ ያዩት ምንድን ነበር ልትለው ነው።

"ባትሪው ነው ያሳሳተሽ" አላት። "ብርሃኑ ቢጫ ነው።"

"ይሄኛው ነጭ ነው ባምቦ።"

"አንቺ ሴት፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያው ጨው አምጪ። በፀሐይ በኩል የተጋረደውንም ምንጣፍ አንሺው፤ ፀሐይ ይግባላቸውና ይሙቁ።"

ፋኔሲ ጨዉን አመጣች፤ ምንጣፉንም አነሣች። እንደዚያ ቀን ዝም ብላ አታውቅም።

ማክሰኞ መታከኩ ቆመ። ጃይሎሲ ጸጥታውን አዳመጠና "ተሻላቸው" አለ።

"ደክሟቸው ነው እንጂ አልተሻላቸውም" አለች ፋኔሲ። "ጉንጫቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ እንደ ሯጭ። ላይ ላዩን ነው ያሉት።"

"አይቻለሁ።"

ከምሳ በኋላ ብቻውን ዕቃ ቤት ገብቶ ብርድ ልብሱን ከሳጥኑ አወጣ። ክንዱ ላይ አድርጎት ጥቂት ቆመ። ከዚያ አጥፎ መለሰው። በሕይወቱ ካደረገው ነገር ሁሉ እንደዚያች አጥፎ መመለስ ያሳፈረው የለም።

ረቡዕ ፋኔሲ ሠላሳ ሰባት ሬሳ አወጣች። ሐሙስ ማለዳ ሌላ ሠላሳ ዘጠኝ። አንድ በአንድ ባልዲው ውስጥ ሲወድቁ ጃይሎሲ አጠገቧ ቆሞ ይሰማ ነበር። አራት ቀሩ።

ማዳም ካሉዋ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ጃይሎሲን የቀጠረው አባቷ ነው፤ እሱ ሲሞት ጣቢያውን ከነጃይሎሲ ወረሰችው። ገንዳውን አየች፣ ባልዲውን አየች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"የጨው በሽታ ነው ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ፋኔሲ ፈጠን ብላ። "ነጭ ነጥብ አየሁ ብዬ ለባምቦ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።"

ጃይሎሲ ወደ ድምፅዋ ዞረ። ለምን እንዲህ እንዳለች አልገባውም።

"አንቺን የቀጠርኩሽ ለአንድ ነገር ነው ፋኔሲ፤ ለማየት" አለች ማዳም። "እሱ ካቃተሽ ምን ትሠሪልኛለሽ? ዕቃሽን ሰብስቢ።"

"እሺ ማዳም።"

ባልዲው መሬት ሲነካ ሰማ። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሥራውን አያጣም፣ ስሙም አይነካም። ፋኔሲ ወደ ደረቅ ዓሣዋ ትመለሳለች፤ ሰው በዚያም ይኖራል። ጃይሎሲ ይህን ሁሉ አሰበ፤ አላሰብኩም ቢል ውሸቱን ነው። እግሯ ጠጠሩን እየረገጠ ሲርቅ ግን አልቻለም።

"ዱቄት ነው ብላኛለች" አለ። "ነጩ ዱቄት፣ ቢጫ ያለበት። ልክ ነበረች። ጨው ያልኩት እኔ ነኝ። ማዳም፣ እኔ ዓሣ ካየሁ ስምንት ወር አልፎኛል። ዓይኔ የለም።"

ጠበቀ። ቁጣ ይመጣል ብሎ ነበር።

"አውቃለሁ" አለች ማዳም ካሉዋ።

"ምኑን?"

"ሁላችንም እናውቃለን ባምቦ። ኅዳር ላይ ባዶ ገንዳ ፊት ቆመው 'እነዚህ ከስተዋል፣ ምግብ ጨምሩላቸው' ብለው ዋይሶንን ሲያዝዙት ጊዜ ነው ያወቅነው። እሱም ምግቡን ባዶው ውሃ ላይ በተነው፤ እንዳያፍሩ ብሎ። ፋኔሲን ያመጣኋት የሚያይልዎት ሰው ፈልጌ ነው። ያየሽውን ሁሉ ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ እንዳወቅሽ ግን አታሳዪ አልኳት። እንደ እርስዎ በሽታ የሚያውቅ ሰው የት አገኛለሁ? ዓይን ያለው ሰውማ አይጠፋም። ሰኞ በስልክ 'በዓይኔ አይቻለሁ' ሲሉኝ የሷን ዓይን ማለትዎ መስሎኝ ነበር።"

ሰባ ስድስት ዓሣ የሞተው ማንም የማያውቀውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ቢሆን ኖሮ፣ ክፉም ቢሆን ምክንያት ነበር። አሁን ጃይሎሲ ያንንም ምክንያት ተነጠቀ። ብታባርረው ይሻለው ነበር።

"እሷ ነግራዎት ሳለ ለምን?" አለች ማዳም።

"አይቻለሁ ብዬዎት ነበራ።"

ማዳም ወደ ፋኔሲ ዞረች። "ፋኔሲ፣ ተመለሺ። ባልዲሽን አንሺ" አለች። "እርስዎም ይቆያሉ። ከእንግዲህ ግን 'አይቻለሁ' የምትል ቃል በዚህ ግቢ አልሰማም።" ከዚያ ለጀርመኖቹ ልትደውል ወደ ቢሮዋ ሄደች።

ፋኔሲ ሳትታዘዝ ብርድ ልብሱን ይዛ መጣች።

"ከመሸፈንሽ በፊት ንገሪኝ" አላት ጃይሎሲ። "ምን ይታይሻል?"

"አራት ናቸው ባምቦ። ሁለቱ ድንጋዩ ሥር ናቸው፣ ክንፋቸውን ሰብስበዋል። አንዱ ላይ ላዩን ነው። አንዷ ጎኗን ጥላለች፣ ግን ትተነፍሳለች።"

"ዱቄቱስ?"

"ጀርባቸው ላይ አለ። ጎኗን የጣለችው ላይ ዓይኗ ድረስ ደርሷል።"

መዳቡን የሻይ ማንኪያ ሩብ አስለካት፤ በብርጭቆ ውሃ አስበጠበጣት፤ በአራቱም ማዕዘን ቀስ እያደረገች እንድታፈስ ነገራት። እንዳላት አፈሰሰች። ከዚያ ሁለቱም ቆሙ።

"አሁንስ?" አለ።

ፋኔሲ አልመለሰችም።

"ንገሪኝ እንጂ ፋኔሲ። የምትናገሪው ለኔ ነው።"

"ሦስት ናቸው" አለች።