በስልክ የሚመጣ እንግዳ

ቦርሳ ሰፊዋ ያን ሰሞን ስልኳን እንደ ታመመ ልጅ ነበር የምትጠብቀው። ስትሰፋ ጭኗ ላይ ታደርገዋለች፤ ስትተኛ ከራስጌዋ አይጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገሯና ባሕር ማዶ ያለ አንድ አገር በኢንተርኔት ሊገበያዩ ተስማምተዋል። ስምምነቱን የፈረሙት ትልልቅ ሰዎች በቴሌቪዥን ለረጅም ጊዜ ተጨባብጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄደዋል። የቀረው የሰፊዋ ነው። ቦርሳዎቿ በጋራ ገበያው ላይ እንዲወጡ፣ ከዚያ ማዶ ያለ ተቆጣጣሪ በቪዲዮ ደውሎ ሥራ ቤቷን በዓይኑ ማየትና "በእርግጥም እዚህ ይሠራል" ማለት አለበት። ካላለ ቆራጩንና ረዳቷን ማሰናበቷ ነው፤ በሠፈሩ የፕላስቲክ ቦርሳ ከገባ ወዲህ የቆዳ የሚጠይቅ ጠፍቷል። ይህንኑ ለሁለቱም ነግራቸዋለች። በዝግታው "ቀስ በቀስ" የሚሉት ቆራጭ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ ወደ መቀሱ ተመለሰ። ረዳቷ ግን ምንም አላለችም። ሰፊዋን ያስጨነቃት ይኸው ዝምታ ነው።

አማቷ ስለ ኢንተርኔት ንግድ የሚያውቁት ነገር ባይኖርም ስለ እንግዳ ያውቃሉ። "በስልክም ቢመጣ እንግዳ እንግዳ ነው" ብለው በቀጠሮው ዋዜማ መጥረጊያ ይዘው ገቡ። የቆዳ ቁርጥራጩ በጆንያ ታጭቆ ወደ ጓሮ ወጣ፤ የማስቲሹ ቆርቆሮ አልጋ ሥር ተደበቀ። ዘይት የሚያንጠባጥበው የስፌት መኪና ጥልፍ ለበሰና አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠበት። ቀስ በቀስ የወንድሙ ሠርግ ላይ የለበሰውን ኮት አድርጎ እንዲመጣ ታዘዘ። ሰፊዋ ነገሩ ደስ አላላትም፤ ግን አማትን "ተዉ" ማለት ቀላል አይደለም። ደግሞስ ያን ወለል ሌላ አገር እንዲያየው ራሷስ መቼ ደፈረች?

በማግስቱ የንግድ ቢሮው ባለሙያ ሊያስተረጉም መጣ። በሩን ከፍቶ ገባ አለና ቤት የተሳሳተ መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ይህ ሊያስጠነቅቃቸው ይገባ ነበር።

ተቆጣጣሪው ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ሁሉም ለክብሩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ስለነበር ሰውየው ያየው ሆድና የኮት ቁልፍ ነው። ባለሙያው ልብስ እየጎተተ አስቀመጣቸው። ተቆጣጣሪው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ግድግዳውን አየ፤ አበባውን አየ፣ እሱም ላይ ቆየ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አለች ሰፊዋ።

"ሳሎናችሁ ያምራል አለ። አሁን ሥራ ቤቱን አሳዩኝ ይላል።"

"ይኸው ነው በለው እንጂ።"

"ብዬው ነበር።"

ሰፊዋ መኪናውን ልትገልጥ ስትጣደፍ አበባው ተንከባለለ። ክር ልታስገባ ብትል ክሩ በመርፌው ግራና ቀኝ አለፈ እንጂ ቀዳዳውን አላገኘውም። ቀስ በቀስ መቀሱን ፈለገ፤ የት እንደገባ ግን ያስቀመጡት አማትየዋም ረስተውታል። ተቆጣጣሪው በትሕትና ከጠበቀ በኋላ ያለውን ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ ተረጎመው። ሰው የሠራውን ገዝተው የእኛ ነው የሚሉ ብዙ ገጥመውታል፤ ሰፊዋንና ሰዎቿን ግን እንዲያ ናችሁ አላላቸውም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ይደውላል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ኑሮ ኑሮ አይባልም። አማትየዋ በየማለዳው ከጆንያው እፍኝ እፍኝ እየዘገኑ፣ ለዶሮ ጥሬ እንደሚሰጥ ሰው፣ ቁርጥራጩን ወለሉ ላይ ይበትናሉ። ከዚያ ራቅ ብለው ያዩትና አላምር ካላቸው ያስተካክሉታል። ሰፊዋ ስንሠራ ራሱ ይቆሽሻል ብትላቸው "ዝም በይ ልጄ፣ አንዴ አጥፍቻለሁ" አሉ። ቆራጩ የማንም ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ ምሳ ላይ እንኳ ቢሆን፣ መቀስ ያነሣል። ረዳቷ አንድ ማታ ስትወጣ ሌላ ሥራ እንዳገኘችና እስከ ሰኞ መልስ ስጪ እንደተባለች ተናገረች። ሰፊዋ "ይገባኛል" አለቻት፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

በዓርቡ አንዲት ነርስ ያዘዘችውን ትልቅ የጉዞ ቦርሳ ሲሠሩ ዋሉ። ማዕዘኑ ላይ ቆዳው ተደራርቦ መርፌ አላስገባ አለ፤ ረዳቷ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፣ ቀስ በቀስ ከወዲያ ጎተተ፣ ሰፊዋ ማስቲሽ በነካው እጇ እየገፋች መኪናውን አስጮኸችው። በዚያ ጩኸት መሐል የስልኩን መብራት ያዩት አማትየዋ ብቻ ናቸው።

አነሡት። ተቆጣጣሪው ነበር፤ አስተርጓሚ የለም፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። "ደህና ዋልክ ልጄ፣ አሁን ሥራ ላይ ናት፤ ቆይተህ ደውል" አሉት። ምናልባት ካላመነ ብለው ስልኩን ወደ ሦስቱ ጎባጣ ጀርባዎች አዞሩለት። ከዚያ ዘጉት።

የማዕዘኑ ስፌት ሲያልቅ እንደ ተራ ወሬ ነገሯት፤ ያ መነጽራሙ ደውሎ ነበር ብለው።

ሰፊዋ ያገኘችው ነገር ላይ ተቀመጠች። "ምን አሉት እማማ?"

"ሥራ ላይ ናት አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ዘጋሁበት።"

ባለሙያው ጋ ደወለች፤ አያነሣም። ደግማ ደወለች። ቆራጩ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። አማትየዋ ምን እንዳደረጉ ቀስ እያለ ሲገባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ባለሙያው ራሱ መልሶ የደወለው ሊመሻሽ ሲል ነው። ድምፁ ግራ የተጋባ ነበር። ምን እንዳሳዩት ሊገባው አልቻለም፤ ተቆጣጣሪው ግን አልፈዋል ብሎ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ "እኛን ለማናገር ጊዜ የላቸውም" ሲል ጽፏል።

ሰፊዋ ረዳቷን አየቻት። ረዳቷ ስልኳን አውጥታ ወደ ደጅ ወጣች። በመስኮቱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ እጇ አየር ላይ ሲያስረዳ ይታያል፤ የምትለው አይሰማም። ሰፊዋ ክር ይዛ፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ረዳቷ ብዙ ቆየች፤ አዲሱን ሥራ እንቢ ለማለት ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ረዳቷ ገባችና ወንበሯን ሳብ አድርጋ የነርሷን ቦርሳ ሌላኛውን ማዕዘን ያዘችላት።