ያልደረቀ ልስን

ቤት የሚመረምሩት ኢንጂነሮች በመንገዱ ማጠፊያ ብቅ ሲሉ ኤርሚኒያ አንቹንዲያ የምሶሶውን አዲስ ልስን ቀብታ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ እያለሰለሰች ነበር። ጨርቁን ባልዲ ውስጥ ወርውራ እጇን በሽርጧ ጠረገች። አበልጇ ሴጉንዶ የተረፈውን ሲሚንቶ እና የቀለሙን ቆርቆሮ ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ።

«ኢንጂነሯ ስትጠይቅሽ ነገር እንዳታበዢ» አላት እያለከለከ ሲመለስ። «አንቺ ስትዋሺ አፍንጫሽን ያልብሻል።»

«አንተ ይልቅ ሱሪህን አራግፍ፤ ወፍጮ ቤት ያደርክ መስለሃል።»

ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ ቤት ሁሉ የሚታወቀው በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። አረንጓዴ ከሆነ ይገባበታል፤ ቀይ ከሆነ ዶዘር ይመጣበታል። የጎረቤቷ ቤት ትናንት ፈርሷል። ኤርሚኒያ የራሷን ያቆመችው፣ ባሏ ባሕር ላይ ከቀረ በኋላ፣ የዓሣ ሾርባ እየሸጠች ነው። ታች ምግብ ቤቷ፣ ከላዩ መኝታዋ። ጣሪያው ላይ ደግሞ፣ በአገሩ ወግ፣ ለወደፊቱ ተብለው የተተዉ ፌሮዎች ነበሩ፤ አምና ልጇ ያዲራ ስታገባ እነሱ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ተጨመረ። ይህ ቤት ከፈረሰ ዕድሜዋ አብሮ የፈረሰ ያህል ነው።

ሮሳውራ ከቺሊ በራሷ ገንዘብ የመጣች በጎ ፈቃደኛ ኢንጂነር ናት። ጓደኞቿ ማዶ ያሉትን ቤቶች ሲይዙ እሷ ብቻዋን ገባች። ፊቷ በድካም ገርጥቷል።

«ወይዘሮ ኤርሚኒያ፣ አሸዋውን ከየት ነበር ያመጡት?»

«ከወንዝ ነው ልጄ።»

አሸዋው ከባሕሩ ዳር በነጻ የተዛቀ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ነው የሠራው። ጨው ፌሮ እንደሚበላ ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም፤ ግን ባሕሩ ደጃፋቸው ላይ ነው፣ ወንዙ ሩቅ። ትናንት ምሶሶው ተሰንጥቆ ሲያዩት ፌሮው ዝጎ በጣት ይፈረፈር ነበር።

ሮሳውራ መዳፏን ምሶሶው ላይ አሳረፈች። «ቀለሙ አዲስ ነው?»

«ለልጅ ልጇ ክርስትና ነው!» ሴጉንዶ ቀደመ። «ያልተቀባ ቤት ክርስትና ይደገሳል እንዴ?»

ኢንጂነሯ ፈገግ አለችና ፎቆቹን አይታ ወረደች። አረንጓዴውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ኤርሚኒያ እፎይ ልትል ስትል፣

«አንድ ደንብ አለኝ» አለች ሮሳውራ። «በቀኑ መጨረሻ ይሄን የምለጥፍበት ቤት ውስጥ ነው የማድረው። ድንኳናችንም ያፈሳል። ያሳድሩኛል?»

እንግዳ ወደ ደጅ መመለስ በኤርሚኒያ ዘር አልነበረም። «ምን ጥያቄ አለው!» አለ አፏ፣ ልቧ ሳይጠየቅ።

ያዲራ መንገዱ ላይ ከተወጠረው ሸራ ሥር ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። «እማዬ፣ በቃ እንግባ? ተመስገን!»

እግሯ ደፍ ላይ ሲያርፍ የድስቶቹ ክዳኖች ተንኳኩ። መሬቱ ከሥር አጉረመረመ። ኤርሚኒያ ምን እንዳደረገች አላወቀችም፤ ወደ ልቧ ስትመለስ ሕፃኑን ከያዲራ ነጥቃ መንገዱ መሃል ቆማለች። ሴጉንዶም ከእሷ አልፎ ሮጧል። መሬቱ ወዲያው ጸጥ አለ።

ሮሳውራ ግን አልሮጠችም። ያመነችውን ምሶሶ ተደግፋ እዚያው ነበረች።

«ምነው ሸሹ?» አለች እየሳቀች። «እንደ ቤትዎ ጠንካራ ቤት የት ይገኛል!»

ሳቁ ኤርሚኒያን እንደ ጥፊ አገኛት። የሰው ልጅ እኮ ናት፤ እናቷ የሆነ ቦታ ትጠብቃታለች። ሕፃኑን ለያዲራ መለሰች፣ ገባች፣ ከምድጃው አጠገብ ትልቁን ጭልፋ አነሳች።

«አበልጄ! ተይ እንጂ!» ጮኸ ሴጉንዶ ከውጭ።

«ዞር በዪ ልጄ» አለች ሮሳውራን፣ ምሶሶውንም በጭልፋው መታችው። ያልደረቀው ልስን ጭቃ ሆኖ እግራቸው ሥር ወደቀ። ከሥሩ ስንጥቁና የዛገው ፌሮ ወጣ።

«የባሕር አሸዋ ነው» አለች። «ሁሉም።»

ሮሳውራ ስንጥቁን አየች፣ የተደገፈችበትን ትከሻዋን አየች። አረንጓዴውን ወረቀት መልሳ ቀዩን ፍለጋ እጇን እንደገና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ትለጥፊዋለሽ፣ አልከለክልሽም» አለች ኤርሚኒያ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «መጀመሪያ ግን ድስቱን ባንድ ወገን ያዢልኝ። ዛሬ የምንበላው ውጭ ነው።»